ለልምምድ የተቀመጥነው ሽምግልና

ሸዋ ሮቢትን ወደ ደሴ ስሄድ ሦስት አራት ጊዜ አልፌበታለሁ እንጂ አድሬበት አላውቅም ነበር። አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም ወርዶ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ ጠጥቶ፣ «ኧረ ይሄ ሙቀት!» ብሎ ተመልሶ መሳፈር አገር ማየት አይባልም። ዘንድሮ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ግን ስድስት ቀን ከረምኩበት። ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ ላላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ያጠፋሁትንም ጭምር።

የሄድኩት ለሥራ ነው። ስሜ አስካለ ነው። ጉለሌ ተወልጄ ጉለሌ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ለብዙ ዓመት በቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ የቤተሰብ ጠብ ለሚሸመግሉ ሰዎች ሥልጠና እሰጣለሁ። የይፋት ቆላ ሽማግሌዎች የቸገራቸው ነገር ደግሞ የዘመኑ ነው፤ ሚስት ኮንትራት ተፈራርማ ዓረብ አገር ትሄዳለች፣ ባል እዚህ ይቀራል፣ ይጣላሉ፣ መሐል ላይ ልጅ አለ። አንዷ ወገን ባሕር ማዶ ሆና እንዴት ይሸመገላል? ይህንን ላስተምር ነበር የተጠራሁት። አውቃለሁ ብዬ ነው የሄድኩት።

ሰኞ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል የተባለው አውቶቡስ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ተነሳ። የአዲስ አበባን የጠዋት ብርድ ፈርቼ ሹራብ ደርቤ፣ ጋቢ ተከናንቤ ነበር። የሥልጠና ወረቀቶቼ ያሉበትን ሻንጣ ረዳቱ ከእጄ ነጥቆ ጣሪያ ላይ ወረወረው። ወረቀት ነው ይረጥባል ስለው በዚህ ወር ዝናብ እንደሌለ አስረዳኝ። እውነቱን ነው፣ ዝናብ አልነበረም። ደብረ ብርሃን ሻይና ዳቦ ቀምሰን ጣርማ በር ስንደርስ ግን ጉሙ መንገዱን ውጦት፣ ከጉሙ ውስጥ ካፊያ ይወርድ ነበር። ሾፌሩ መብራት አብርቶ እያዘገመ ዋሻውን አለፍን። እኔ ከመንገዱ ዳር ያለውን ገደል ስፈራ ሻንጣዬን ረስቼ ነበር።

ከዋሻው ወዲያ አገሩ ቁልቁል ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁና ሹራቤን አወለቅሁ። አርማንያ ላይ ጋቢውን አጥፌ አስቀመጥኩ። ሮቢት ስንገባ ሙቀቱ ገና እየጨመረ ነው፣ እኔ ግን ለጨዋ ሴት የሚወልቅ ነገር አልቀረኝም።

ከመናኸሪያው የተቀበለችኝ ከድጃ ነበረች። ከድጃ የአገሩ ተወላጅ ናት፤ ሥልጠናውን ያዘጋጀችው፣ ሽማግሌዎቹንም በየመንደሩ ዞራ የጠራችው እሷ ናት። ወጣት ብትሆንም ሁሉም ሰው ያውቃታል። ከመናኸሪያው እስከ ማረፊያዬ ያለውን አጭር መንገድ በእግር ስንሄድ ከስንቱ ጋር ሰላምታ እንደተለዋወጠች አልቆጠርኩትም። እኛ ሰፈር እንደዚያ ሰላም የሚል ሰው ለምርጫ የሚወዳደር ይመስላል።

ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት እትዬ አስናቀች ይባላሉ። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት የማንጎ ዛፍ አለ። ገና ሲያዩኝ ዓይናቸው እግሬ ላይ ነው የወደቀው፤ ሽፍን ጥቁር ጫማ ከካልሲ ጋር አድርጌያለሁ። «እግርዎን ቀቅለው ሊበሉት ነው እንዴ?» አሉኝ። ገብተው የራሳቸውን ነጠላ ጫማ አምጥተው እግሬ ሥር አስቀመጡልኝ። ስድስቱንም ቀን እሱን አድርጌ ዋልኩ። አልጋው ላይ አጎበሩን ራሳቸው አስተካክለው ዘረጉልኝ፤ የሮቢት ቢንቢ እንግዳ ትወዳለች እያሉ።

ሻንጣዬን ስከፍት ወረቀቶቹ ተጣብቀው እንደ ቂጣ ሆነዋል። እትዬ አስናቀች ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንድ በአንድ ሰቀሉልኝ። ፀሐዩ በአንድ ሰዓት አደረቃቸው፤ ቀለሙ ግን ፈስሶ ነበር። ከሁሉ በላይ ያናደደኝ የሚና ጨዋታው ጽሑፍ መጥፋቱ ነው። ሠልጣኞች ባልና ሚስት፣ ሽማግሌና ዘመድ መስለው የሚለማመዱበት ታሪክ በእሱ ላይ ነበር። አንዲት ቃል አልቀረችበትም። ከራሴ አንድ ታሪክ እፈጥራለሁ ብዬ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ሽማግሌዎቹ አሥራ ስምንት ነበሩ፤ ከቀወት ገጠሮች፣ ከጀውሃ፣ ከአጣዬና ከካራቆሬ የመጡ፣ ክርስቲያንም እስላምም። አዲስ አበባ ውስጥ ትውውቅ አምስት ደቂቃ ነው፤ ስም፣ ሥራ፣ ከሥልጠናው ምን ይጠብቃሉ፣ አለቀ። እዚህ አንዱ ስሙን ሲናገር ሌላው የአባቱን ያነሳል፣ ሦስተኛው የዘንድሮ ማሽላው እንዴት እንደያዘለት ይጠይቃል፣ አራተኛው የታመመች ላሙ ተሻላት ወይ ይላል። ሰዓቴን ባየሁ ቁጥር ከድጃ በዓይኗ ትቆጣኛለች። ትውውቁ እስከ ሻይ ድረስ ቆየ።

ከሁሉም ቀድመው የገቡት ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሼህ ሙሄ የጀውሃ ሰው ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ጋሼ ደምሴ ከቀወት ገጠር ናቸው፤ ረጅም፣ ጨዋታ አዋቂ። ሁለቱ አብረው ሲሸመግሉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ሼሁ «ልጄ» እያሉ አንቺ ይሉኛል። ጋሼ ደምሴ ግን «አንቱ» ነው የሚሉኝ። እኛ ጋ «እርስዎ» የምንለውን እዚያ «አንቱ» ይላሉ፤ ሲባል ሰውን በአሥር ዓመት ያስረጃል።

ምሳ የሚበላው በሁለት ገበታ ነበር፤ የክርስቲያኑ ሥጋ ለብቻ፣ የእስላሙ ለብቻ። ያስተማርኩትን ያህል የተማርኩት ከምሳ በኋላ ነው። ያልተገኘ ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም ስላቸው ሁሉም ተስማሙ። እንግዲያው ዓረብ አገር ያለችዋን ሴት እንዴት ትሰሟታላችሁ ስላቸው ወንድሟ ወይም አጎቷ ስለሷ ይቀመጣል አሉ። ወንድም እኮ እህቱን አይደለም ብዬ ተከራከርኩ። ሼህ ሙሄ ዝም ብለው ሰምተውኝ፣ «ልጄ፣ ወገን ያላት ሴት አለች ማለት ነው፤ ወገኗ ካለ እሷም ተቀምጣለች» አሉ። እኔም በትልቁ ወረቀት ላይ «ባለጉዳይዋ ራሷ ትሰማ» ብዬ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ሲለጠፍ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ራስ መነቅነቅ መስማማት መሰለኝ።

ረቡዕ

የጾም ቀን ስለሆነ ከድጃ ምሳውን ሽሮና ምስር አድርጋ አንድ ገበታ ዘረጋች። ያን ዕለት አሥራ ስምንቱም አብረው በሉ። እኛ አዲስ አበባ እንዲህ ያለውን ነገር በስብሰባ ተነጋግረን፣ ቃለ ጉባኤ ይዘን እንኳ አናመጣውም ነበር።

የፈጠርኩትን ታሪክ ጠዋት ላይ ተረክሁላቸው። ሌሊት ላይ በሙቀት የተፈጠረ ታሪክ በመሆኑ ለእኔም አልጣመኝም። ባልየው የባንክ ሠራተኛ፣ ሚስትየዋ ጣሊያን አገር ነርስ። ጋሼ ደምሴ አዛጉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ እኔም በችኮላ «እናንተ አንድ ስጡኝ፤ ካገራችሁ የምታውቁትን» አልኳቸው።

ጋሼ ደምሴ ስም ሳይጠሩ አንድ ነገር አወጉ። አንድ ሰው ጀውሃ ሽንኩርት ያርሳል። ሚስቱ ሳዑዲ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል፤ እሷ እዚያ እያለች ተፋትተዋል፣ እሱ ሌላ አግብቷል። የስምንት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ካራቆሬ ከእናቷ እናት ዘንድ ሆና ትማራለች። አባት ልጄ ከኔ ጋር ትኑር ይላል። እናት ባለችበት ትቆይ ብላ ልካለች። ነገሩን ሽማግሌ ቢይዘውም እናትየዋ ስላልተገኘች ወራት ሙሉ ሳይቋጭ ቆይቷል።

እንዲህ ያለ ታሪክ ከየት ይገኛል! ደስ ብሎኝ ወዲያው ሚና አከፋፈልኩ። ጋሼ ደምሴ ባል፤ ሼህ ሙሄና ሌሎች አራት ሰዎች ሽማግሌ፤ ስለ ሴትየዋ የሚቀመጠው ደግሞ ከካራቆሬ የመጣ ሰው ይሁን ብዬ አቶ ሐሰን የሚባሉትን ጸጥተኛ ሰው መረጥኩ። አቶ ሐሰን ሊናገሩ ብለው ነበር፤ ዓይናፋርነት መስሎኝ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጌ አስቀመጥኳቸው።

ሼህ ሙሄ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ እንደ አገራችን ወግ ነው የምንቀመጠው ወይስ እንደ ወረቀቱ? እንደ አገራችሁ፣ አንድም ነገር ሳይጎድል አልኳቸው። አዳራሹን ለቀው ወጥተው ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ ከክርስቲያኖቹ አንዱ ሽማግሌ ቀጥለው መረቁ፣ ሁሉም አሚን አለ። ከዚያ ነገሩ ሲነገር ሁለት ሰዓት ፈጀ። እኔ ከዳር ቆሜ ማስታወሻዬ ላይ እጽፋለሁ፤ እንዴት ጥሩ ያዳምጣሉ፣ እንዴት አንዱ ሌላውን አያቋርጥም እያልኩ። በመጨረሻ ልጅ ወደ አባቷ ትሂድ ተባለ። አቶ ሐሰን አንገታቸውን ደፍተው ተቀበልኩ አሉ። ተመረቀ፤ ይህን ቃል ያፈረሰ ዘሩ አይባረክ ተብሎም ተዘጋ።

እኔም አጨበጨብኩ።

አብሮኝ ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። ሁሉም ዞረው አዩኝ፣ ከድጃም ጭምር። እዚያ አገር ለሽምግልና አይጨበጨብም ማለት ነው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

ሐሙስ

ጠዋት እትዬ አስናቀች ከግቢያቸው ማንጎ አቅርበውልኝ፣ ከእኛ ሰፈር አትክልት ተራ እየጨበጥን ከምንገዛው ጋር ስም ብቻ እንደሚያገናኘው እያሰብኩ በላሁ። ከሰዓት በኋላ ሥልጠናው መሐል ላይ አንዲት አሮጊት በአዳራሹ በር ቆሙ። ጥቁር ሻርፕ ለብሰዋል፤ በእጃቸው የልጅ ደብተር ይዘዋል። አቶ ሐሰን ሲያዩዋቸው ብድግ አሉና ወደ መሬት አዩ። ሴትየዋ እማማ ራህመት ይባላሉ፣ የመጡትም ከካራቆሬ ነው። ለሁሉም ሰላምታ ከሰጡ በኋላ ቁጭ በሉ ቢባሉም አልተቀመጡም።

«የልጅ ልጄን ሐያትን ሰጠሁ» አሉ። «ጠዋት አባቷ መጣ። ሽማግሌ ተቀምጦ መርቆበታል አለኝ፤ ወንድሜ ሐሰንም ተቀብሏል አለኝ። የተመረቀበት ነገር አልጥስም ብዬ ደብተሯን እንኳ ሳትይዝ ሰጠሁት። የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። ልጄን ዘሀራን ማን ጠየቃት?»

ነገሩ ቀስ ብሎ ገባኝ። ጋሼ ደምሴ ያወጉት ታሪክ የሰዎች ሕይወት ነበር። ከእኔ በስተቀር የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ስለ ዘሀራ እንዲቀመጡ የመረጥኳቸው ሰው የገዛ አጎቷ ናቸው። ወሬው በዚያው ቀን ማታ ጀውሃ ደርሷል፤ ባልየው ሰይድ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ ልጁን ወስዷል።

እማማን ትምህርት ነው፣ ለልምምድ ነው፣ ጨዋታ ነው አልኳቸው። ስናገር ለራሴ ጆሮም አስጠላ። ሼህ ሙሄ ከተቀመጡበት ሆነው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ምርቃት ልምምድ የለውም።»

እንደ አገራችሁ፣ ምንም ሳይጎድል ስላልሽን የምር ያስቀመጥሽን መስሎን ነው አሉ። ወራት ሙሉ የቸገራቸውን ነገር ዳኛ ሴት ከአዲስ አበባ መጥታ ተቀመጡበት አለቻቸው፤ ተቀመጡበት። ጋሼ ደምሴም ቢሆኑ ታሪኩን ያነሱት እንዲያልቅላቸው ነበር። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሲባል የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ ስለ እኔ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ውሳኔው አይጸናም የሚል ደብዳቤ ጽፈን፣ ማኅተም አስመትተን ለሰይድ እንስጠው አልኩ። ጋሼ ደምሴ በሐዘን ሳቁ። «አንቱ፣ ማኅተም ምርቃት ይሽራል እንዴ? ካፍ የወጣ አፋፍ ነው» አሉኝ። ሰይድም ቢሆን ሌባ አይደለም፤ በተመረቀ ቃል ነው የወሰደው።

ሼህ ሙሄ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት አዩና ምን ይላል ብለው ከድጃን ጠየቁ። አነበበችላቸው። ዱዓው ሰው ጎድሎት ነበር አሉ፤ የጎደለ ዱዓ ደግሞ በደብዳቤ ሳይሆን በሙሉ ዱዓ ነው የሚሞላው። የተቀመጡት ሰዎች ራሳቸው፣ ሰይድ ባለበት እንደገና ይቀመጣሉ። ዘሀራም በስልክ ድምፅ ትገኛለች። በስልክ ሽምግልና ተቀምጠው እንደማያውቁ፣ ሊሳካም ላይሳካም እንደሚችል አልደበቁኝም። እማማ ራህመት ያን ጊዜ ነው የተቀመጡት።

ዓርብ

ከድጃ እንደነገረችኝ የዘሀራ ስልክ የሚቀመጠው በአሠሪዋ እጅ ነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤተሰቡ ዘመድ ጥየቃ ሲወጣ ለጥቂት ጊዜ ይሰጣታል። ያ ጊዜ ካመለጠ የሚቀጥለውን ዓርብ መጠበቅ ነው፤ እስከዚያ ደግሞ ሰይድ ልጁን ጀውሃ ትምህርት ቤት ሊያስገባት ወስኗል።

በሚኒባስ ጀውሃ ገባን። ከባድ መኪኖች ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ምግብ ቤቶቹ ደጃፋቸው ላይ ውሃ ይረጫሉ። ሰይድን ክፉ ሰው አድርጌ በልቤ ስዬው ነበር። ያገኘሁት ቀጭን፣ የሰው ዓይን ማየት የሚያፍር፣ እጁ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል ሰው ነው። ሚስቱ ውሃ አቀረበችልን። ሐያት ፀጉሯ አዲስ ተሠርቷል፤ አያቷን ስታይ ሮጣ ጉያቸው ገባች፣ ከዚያ ወዲያ አልወጣችም። ሼሁ እንደገና ልንቀመጥ ነው ሲሉት ሰይድ ፊቱ ተለወጠ። የተመረቀ ነገር ይፈርሳል ወይ ብሎ ጠየቀ። አይፈርስም፣ ይሞላል አሉት። ተከተላቸው።

ችግሩ ኔትወርክ ነበር። ከሰይድ ቤት አይሠራም፣ ከመስጊዱ አጠገብም አይሠራም። የሚሠራው ከከተማው ወጣ ብላ ያለች ጉብታ ላይ ነው ተባለ። አምስቱ ሽማግሌዎች፣ አቶ ሐሰን፣ ጋሼ ደምሴ፣ እማማ ራህመት ሐያትን ይዘው፣ ሰይድና ሚስቱ፣ ከድጃ፣ እኔ በእትዬ አስናቀች ነጠላ ጫማ፣ ሁላችንም በዚያ ፀሐይ ጉብታውን ወጣን። እሾህ ጫማዬን ሁለት ጊዜ ወጋው። አዲስ አበባ ስልክ እንቢ ሲለኝ በረንዳ ድረስ ወጥቼ እራገማለሁ።

ከድጃ ሚስኮል አደረገች። ጠበቅን። ስልኩ ጮኸ፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ መሬት ላይ በተነጠፈው ሻርፕ ላይ አስቀመጠችው። ሼህ ሙሄ ዱዓውን ከፈቱ፣ ከዚያ የሆነውን ነግረዋት፣ ዘሀራ ተናገሪ አሏት። እሷ ግን መጀመሪያ ማን ማን እንዳለ ጠየቀች። እያንዳንዱ ስሙን ተናገረ፤ እሷም ለእያንዳንዱ ቤቱን፣ ልጁን፣ ከብቱን እየጠራች ደህንነቱን ጠየቀች። ጊዜው አለቀ ብዬ ሰዓቴን አያለሁ። ሽማግሌዎቹ ግን ፊታቸው ሲፈታ አየሁ፤ ሴትየዋ መጥታ በመካከላቸው እንደተቀመጠች ነው የሆኑት።

«ወደ አባቷ አትሂድ አላልኩም» አለች በመጨረሻ። «እኔ ሳልሰማ አትሂድ ነው ያልኩት። አንዲት ልጅ ነው ያለችኝ። ይሄን ሁሉ የምችለው እናቴ ጋ ናት፣ ትማራለች እያልኩ ነው። ትናንት ቦታዋን ስትቀይሩ፣ እኔ እስከ ዛሬ የማስበው የሌለችበትን ቤት ነበር።»

ሼሁ ሰይድን ተናገር አሉት። ዓይኑን ከሻርፑ ሳያነሳ፣ ለሽማግሌ ሳይሆን ለስልኩ ተናገረ።

«ባለፈው አጣዬ ገበያ አገኘኋት። ከእናትሽ ጋር ነበረች። ሰላም በይው ሲሏት ምን አለችኝ መሰለሽ? አጎቴ አለችኝ። ዘሀራ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው አይደለሁም።»

ከስልኩ ምንም አልተሰማም። ከድጃ የተቋረጠ መስሏት ልታነሳው ስትል የመተንፈስ ድምፅ መጣ። ዘሀራ እያለቀሰች ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ።

ዕርቁን ያመጣችው ራሷ ናት። ሐያት ትምህርት እስኪዘጋ ካራቆሬ ትሁን፤ ክረምቱንና ዒድን ከአባቷ ዘንድ ትሁን፤ እሱም በየሳምንቱ ሄዶ ይያት፣ እናቴም በሯን አትዝጋበት አለች። ኮንትራቷ ሲያልቅ መጥታ እንደገና ይነጋገራሉ። ሰይድ ተቀበልኩ አለ። እማማ ራህመትም ተቀበሉ። ሼህ ሙሄ እጃቸውን ዘርግተው ምርቃቱን ጀመሩ፤ ከስልኩ የዘሀራ አሚን እየተከተለ ይሰማል። ሦስተኛው ላይ ተቋረጠ።

ሼሁም አቆሙ። ጨርሱት፣ ተስማምታለች እኮ አልኳቸው።

«አንድ ጊዜ ያለሷ ጨርሼ ነበር» አሉኝ። «የሷ አሚን ሳይኖር አልጨርስም።»

ሰይድ ስልኩን አንስቶ ወደ አስፋልቱ በኩል ከፍ አድርጎ ያዘው። ኔትወርኩ አልመጣም። የዐሥር ሰላት ደረሰ። እስላሞቹ ተሰልፈው መስገድ ሲጀምሩ ሰይድ ስልኩን ለጋሼ ደምሴ ሰጥቶ ገባ። እኔ፣ ጋሼ ደምሴና ክርስቲያኑ ሽማግሌ ስልክ ጠባቂ ሆነን ቀረን። የጮኸውም ያን ጊዜ ነው።

«ዘሀራ፣ ደምሴ ነኝ፣ ሰላት ላይ ናቸው፣ እንዳትዘጊ» አሉ በሹክሹክታ። ሰዎቹ መመለሻቸው ነው፣ አሠሪዬ ስልኩን ልትወስድብኝ ነው ስትል ይሰማኛል። ጋሼ ደምሴ ላባቸው በግንባራቸው ወረደ። ሼህ ሙሄ አልቸኮሉም፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አሰላምተው ሲጨርሱ ተነስተው መጡና ከስልኩ ፊት ተቀመጡ። ካቆሙበት አልቀጠሉም፤ ከመጀመሪያው ጀመሩት። ቀስ ብለው፣ አንድ ቃል ሳያሳጥሩ መረቁ። በየመሐሉ ከሩቅ አገር፣ እንደ ሹክሹክታ፣ አሚን ይመጣል። የመጨረሻውን አሚን ብላ ሳትሰናበት ዘጋች።

ቅዳሜ

እትዬ አስናቀችን ተሰናብቼ፣ ነጠላ ጫማውን ልመልስ ብል አልቀበልም ብለውኝ፣ በጠዋት ጀውሃ ደረስኩ። ከዚያ ከእማማ ራህመትና ከሐያት ጋር ወደ ካራቆሬ በሚኒባስ ሄድን። ሰይድ እስከ መንገድ ሸኝቶ ለልጁ ብስኩት ገዛላት። ምን ብላ እንደጠራችው አልሰማሁም፤ መኪናው ይጮህ ነበር።

እማማ ቤታቸው አስገብተው የማሽላ ቂጣ በወተት አበሉኝ። በእኛ አገር ለበደለን ሰው ውሃ እንኳ አናቀርብም። አውቶቡስ እስኪመጣ መንገድ ዳር አብረውኝ ቆሙ፤ ሐያት ደብተሯን ይዛ አጠገባቸው ናት። ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም ነበርና ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ይቅር ብያለሁ አሉኝ። ልጄ ተሰምታለች፣ ሐያትም ተመልሳለች፣ ክፉ አስበሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ አሉ። አውቶቡሱ ሲታይ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ግን ልጄ፣ ሁለተኛ ስትጫወቺ በራስሽ ልጅ ተጫወቺ።»

በቁጣ አልነበረም ያሉት። ጉንጬን ስመው አሳፈሩኝ። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። እስከ ደብረ ሲና ድረስ፣ እኔ በሌለሁበት ሰዎች ተሰብስበው የት እንደምትኖር ሲወስኑላት እያየሁ ሄድኩ።